የሳሮ ረዳት

ብሩክታይት የስኳር ህመም እንዳለባት የታወቀው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ነው። ከዚያ ወዲህ ኢንሱሊን ሳትወጋ የዋለችበት ቀን የለም። አሁን ወላይታ ሶዶ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ኔትወርክ ሲቋረጥ ትጠራለች፣ ማተሚያው ወረቀት ሲነክስ ትጠራለች፣ የሬጅስትራር ፋይል ሲጠፋ ደግሞ እየተሮጠ ትጠራለች።

ከኸይሩ ጋር የተዋወቁት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው። ኸይሩ በሶዶ ገበያ የሳሙናና የዘይት ጅምላ ሻጭ ነው፤ አባቱ ከስልጤ መጥተው እዚሁ ቀሩ፣ እሱም እዚሁ ተወልዶ ወላይትኛን እንደ አፍ መፍቻው ይናገራል። ያን ቀን ልጁ ሀኒያ የስኳር ህመም እንዳለባት ተነግሮት፣ መርፌዎቹን በፌስታል ይዞ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ልጅቱ ታለቅሳለች። ብሩክታይት አልፋ ልትሄድ ነበር፤ ተመለሰች። የራሷን መርፌ ከቦርሳዋ አወጣች፣ ሸሚዟን ከጎን ገለጥ አድርጋ ሀኒያ እያየቻት ራሷን ወጋች።

"አያምም?" አለቻት ሀኒያ።

"ትንሽ ያማል። ከዚያ ምሳ እበላለሁ።"

ሳሮ የተባለው ቡድን የተወለደው ከዚያ ነው። "ሳሮ" በወላይትኛ ሰላምታ ነው፤ ስሙን ያወጣው ኸይሩ፣ ገጹን በኢንተርኔት ላይ የከፈተችው ብሩክታይት። በሆስፒታሉ የስኳር ክትትል ክፍል የምትሰራው ሲስተር ሶልያናም ገባችበት። ቀስ እያለ በዙሪያው ካሉት ከተሞች፣ ከቤሌ፣ ከዲምቱ፣ ከቦምቤ፣ ልጆቻቸው ኢንሱሊን የሚወጉ አባቶችና እናቶች እየተጠራሩ መጡ። አንዱ "ኢንሱሊን የት አለ?" ይላል፣ ሌላው "ትናንት እዚህ ፋርማሲ አይቻለሁ" ይላል። ፍሪጅ የሌላት እናት መድሃኒቱን በምን እንደምታቀዘቅዝ ትጠይቃለች፤ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ የምታስቀምጠውን ማሰሮዋን ፎቶ አንስታ የምትልክላት አትጠፋም። ደንብ ብሎ የጻፈው ባይኖርም ልማዱ ይታወቃል፤ ጥያቄ ያየ ሰው ይመልሳል፣ ነገሩ ካስፈራው ይደውላል።

ችግሩ የሰዉ መብዛት ነበር። ተመሳሳይ ጥያቄ በቀን ስንት ጊዜ ይመጣል። ብሩክታይት ስብሰባ ላይ ተቀምጣ ስልኳ ጭኗ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሶልያናም በሽተኛ እያየች መልስ ስትጽፍ አለቃዋ ሁለት ጊዜ ተቆጥተዋታል። በዚህ መሀል ብሩክታይት ቡድኑ የተከፈተበት ድረገጽ አዲስ ነገር እንደጀመረ አነበበች። ሰው ሰራሽ አስተውሎት ያለው ኤጀንት፣ ማለትም በተሰጠው መመሪያ መሰረት በራሱ እያነበበ የሚመልስ ፕሮግራም፣ ከቡድን ጋር ማገናኘት ይቻላል። በአዝራር አይደለም፤ ትዕዛዝ በሚጻፍበት በጥቁሩ መስኮት፣ በተርሚናል ነው። ለእሷ ይኼ አዲስ አይደለም።

ለሶልያና ስትነግራት ነርሷ ጣቷን ቀሰረች። "የመድሃኒት መጠን ላይ አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ። ጨምሩ፣ ቀንሱ፣ እንዳይል። እሱን ወደኔ ይላከው።"

"እንደዚያ አድርጌ ነው የማዘው።"

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ሰው ሳይኖር ተቀመጠች። ኸይሩም የማወቅ ጉጉት አላስቀምጥ ብሎት ሱቁን ለሰራተኛው ትቶ መጥቶ ወንበር ስቦ ከጎኗ ሆነ። ፕሮግራሙን አወረደች፣ የመግቢያውን ትዕዛዝ ጻፈች፣ ድረገጹ የሰጣትን ረጅም የምስጢር ቁልፍ ገልብጣ ለጠፈች። "አልታወቀም" አላት። እንደገና ሞከረች፣ "አልታወቀም"። ኋላ ላይ ስታይ ከቁልፉ መጨረሻ አንድ ባዶ ቦታ አብሮ ተገልብጧል። እሱን አጠፋች። ቀጥሎ ማረጋገጫ ኮድ በስልኳ ይላካል ተባለ፤ ኔትወርኩ ተንቀራፎ ኮዱ የመጣው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። እንደገና አስላከች።

"ሰው ቢሆን እስካሁን ገብቶ ሻይ ታዞለት ነበር" አለ ኸይሩ።

በመጨረሻ መመሪያውን ጻፈች። መመሪያው ተራ ጽሁፍ ነው፤ ለአዲስ ሰራተኛ እንደሚነገረው ያለ። ኢንሱሊን የት እንዳለ ሰዎች የጻፉትን እየሰበሰብክ ንገር። ስለ አቀማመጥ የተጠየቅከውን ሶልያና ካጸደቀችው መልስ ውሰድ። የመጠን ጥያቄ ከመጣ ለሶልያናና ለእኔ መልዕክት ላክ፣ ጠያቂውን በትህትና እንዲጠብቅ ንገረው። እንደ ማሽን አትናገር፤ ወንዶቹን "ኢሻ" በል። ኢሻ ወንድሜ ማለት ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ስትጽፍ ደስ ብሏት ነበር። ስሙን "የሳሮ ረዳት" አለችው። የማገናኛውን ትዕዛዝ መታች፤ መስኮቱ "ተገናኝቷል" የሚል መስመር አወጣ።

ኸይሩ በስልኩ "ሶዶ ላይ ኢንሱሊን የት አለ?" ብሎ ጻፈ። ጣቱን ከማንሳቱ መልሱ መጣ፤ "ሳሮ ኢሻ ኸይሩ" ይላል፣ ከዚያ የፋርማሲውን ቦታ።

"ያ አላህ! እኔ ዘንድ የሚሰሩት ሁሉ ተደምረው እንዲህ አይፈጥኑም።"

ነገሩ ሰመረ። ብሩክታይት ስብሰባዋን በሰላም ትጨርሳለች፤ ሶልያናም በሽተኞቿን በወጉ ታያለች። የቤሌ ሰዎች መድሃኒት ፍለጋ ሶዶ ድረስ በከንቱ መመላለሳቸው ቀረ። አንድ ነገር ግን ብሩክታይት አይታ በሌላ ተረጎመችው። ሰዉ እርስ በርሱ መልስ መሰጣጣቱን እየቀነሰ መጥቶ ነበር። ጥያቄ ይመጣል፣ ረዳቱ ይመልሳል፣ በቃ። ማሰሮዋን ፎቶ የምታነሳዋ ሴትዮ እንኳ ዝም ብላለች። ብሩክታይት "ሰዉ አረፈ" አለች በልቧ።

አንድ እሁድ ጠዋት ቤተክርስቲያን ሄደች። ስልኳን እንደ ልማዷ አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ስብከቱ ረዘም ያለ ነበር፣ እንግዳ መዘምራንም ከአረካ መጥተው ነበር። እሷ እዚያ ተቀምጣ ሳለ ሳሮ ላይ የሆነውን በኋላ ደጋግማ አንብባዋለች፤ ቃል በቃል ይዛዋለች።

አንጁሎ የሚባል ሰው እንዲህ ሲል ጽፏል፦ "ሰላም ለሁላችሁ። ከቦምቤ ነኝ። ልጄ ሚርያም ከትናንት ጀምሮ ያስመልሰዋል፣ ምግብ እምቢ ብሏል። ምግብ ካልበላ መርፌውን ልተወው ወይ? ስኳሩ በጣም እንዳይወርድ ፈርቼ ነው።"

በድሮው ሳሮ ቢሆን ይህን ያነበበ ሁሉ ይጮህ ነበር። የታመመ ልጅ ምግብ ባይበላም ኢንሱሊን ጨርሶ እንደማይቆም፣ ሲያስመልሰው ደግሞ ወደ ሐኪም እንደሚሮጥ እዚያ ያሉ እናቶች ሁሉ በራሳቸው ልጅ አይተውታል። ረዳቱ ግን እንደታዘዘው አደረገ፦ "ሳሮ ኢሻ አንጁሎ። ሚርያም ስላመመው በጣም አዝናለሁ። መጠንን የሚመለከት ጥያቄ የምትመልሰው ነርሳችን ናት። ጥያቄዎን አሁኑኑ አስተላልፌያለሁ። እባክዎ በትዕግስት ይጠብቁ።"

አንጁሎም፦ "እሺ ወንድሜ፣ ጌታ ይባርክህ። እየጠበቅኩ ነው።"

የተላለፈው መልዕክት በተዘጋው የብሩክታይት ስልክ ላይ ተቀመጠ። ሶልያና ተረኛ ነበረች፤ ስልኳ የልብስ መቀየሪያ ክፍል ሳጥን ውስጥ ነው። ጽሁፉን ያዩት ሌሎች አባላት ደግሞ ከስሩ መልስ መኖሩን አይተው አለፉ። ኸይሩም አልፏል። የዘይት ጄሪካን እያስቆጠረ ነበር፣ "ተመልሶለታል" ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ረፋዱ ላይ እንደገና ሲያወጣው ሌላ ጽሁፍ ተጨምሯል። "አሁንም እየጠበቅኩ ነው። አሁን ዝም ብሎ ተኝቷል። ቶሎ ቶሎ፣ በኃይል ይተነፍሳል።"

ኸይሩ ከመቀመጫው ተነሳ። ሀኒያ ሆስፒታል የገባች ጊዜ እንደዚያ ነበር የተነፈሰችው፤ ያን ድምጽ እስካሁን ይሰማዋል። ለብሩክታይት ደወለ፣ ዝግ ነው። ለሶልያና ደወለ፣ አይነሳም። ገጹ ላይ ለአንጁሎ "ልጁን ይዘህ ሂድ፣ አትጠብቅ!" ብሎ ጻፈ፤ መልስ የለም። የሰውየው ስልክ ቁጥር የለውም። ቆም ብሎ አሰበና ቦምቤ ላይ ከእሱ ሳሙና የሚወስድ ጥጋቡ የሚባል ነጋዴ ትዝ አለው። ጥጋቡ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ነበር፤ አነሳ።

"ቦምቤ ላይ አንጁሎ የሚባል፣ ልጁ ስኳር ያለበት፣ ታውቃለህ?"

"መምህር አንጁሎ? እንዴት አላውቀው! ልጅቱም ከኔ ልጅ ጋር ነው የምትማረው።"

"ሴት ናት እንዴ? ለማንኛውም አሁን ተነስ። በሞተር ሂድ። እቤቱ ስትደርስ ደውልልኝ።"

ጥጋቡ ሲደርስ አንጁሎ ስልኩን ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ኔትወርክ ይሻላል ባለው ጥግ፤ ኸይሩ የጻፈው ግን አልደረሰውም። ጥጋቡ ስልኩን ሰጠው። ኸይሩ "መርፌውን ወግተሃታል?" አለው። አንጁሎ "ከትናንት ማታ ጀምሮ አልወጋኋትም፣ መልሱን እየጠበቅኩ ነው" አለ። ኸይሩ የዚያን ጊዜ ጮኸበት፤ ሱቅ ውስጥ የነበሩ ገዢዎች ዞረው እስኪያዩት ድረስ። ልጅቷን መሀል አድርገው በሞተር ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያው በአምቡላንስ ወደ ሶዶ።

ብሩክታይት ከቤተክርስቲያን ወጥታ ስልኳን ስትከፍት ያመለጧት ጥሪዎች ተደራርበው መጡ። የኸይሩን መልዕክት ብቻ አነበበች። ሰላም ለሚሏት ሳትመልስ ባጃጅ ያዘች።

ሚርያም የድንገተኛ ክፍል አልጋ ላይ ነበረች፣ ፈሳሽ በደም ስሯ ተተክሎላት፣ ኢንሱሊኑም እየገባላት። ሐኪሙ "በሰዓቱ ነው የደረሰችው፤ ትንሽ ቢዘገይ ግን ሌላ ነገር እናወራ ነበር" አላት። አባትየው የእሁድ ኮቱን ከላይ ደርቦ ከታች ነጠላ ጫማ አድርጓል፤ ይህን ራሱ ያወቀ አይመስልም። ብሩክታይት ስሟን ነገረችው።

"የሳሮ ሰው ነዎት?" አለ ተነስቶ። እጇን በሁለት እጁ ያዘ። "ጌታ ይባርካችሁ። ኸይሩ የሚባለውንም፣ ያንንም ረዳት አመስግኑልኝ። ሌላው ዝም ሲል ያ ወንድም ብቻ ነው ወዲያው የመለሰልኝ።"

ብሩክታይት እጇን ሳትነጥቅ ቆየች። አመሰግናለሁ ብሎ ብቻ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ሰውየው ደግሞ አይጠይቃትም። አልሆነላትም።

"ጋሽ አንጁሎ፣ እሱ ሰው አይደለም።"

"እንዴት?"

"ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተር። ያስገባሁት እኔ ነኝ።"

አንጁሎ እጇን ለቀቀ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና የልጁን እግር በአንሶላው ላይ ያዘ። "ለነርሷ አስተላልፌያለሁ አለኝ እኮ።"

"አስተላልፏል። አልዋሸም። ግን ያየው ሰው አልነበረም።"

"ታዲያ ለምን ጠብቅ አለኝ?"

"እንዲህ በል ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።"

አንጁሎ ሲናገር ቁጣ አልነበረበትም፤ ለተማሪ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብሎ ነው። "እኔ ሰው መሰለኝ። ኢሻ አለኝ። ሰው ካለ፣ ጉዳዬን ይዞልኛል ብዬ ተቀመጥኩ። ማንም ባይመልስልኝ ኖሮ፣ እህቴ፣ ይዣት እሄድ ነበር።"

ብሩክታይት ይቅርታ አለችው። እሱም አንገቱን ነቀነቀ፤ ይቅር ማለቱ ይሁን መስማቱ ብቻ ግን አላወቀችም። ወጥታ ውሃ ገዝታ ተመለሰች፣ ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ "አባ" እስክትል ድረስም እዚያው ተቀመጠች።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ቢሮ ሄዳ ተርሚናሉን ከፈተች። የማቋረጫው ትዕዛዝ አጭር ነው። መታችው፤ ረዳቱ ከሳሮ ወጣ።

በማግስቱ ኸይሩ ሱቅ ጓዳ ውስጥ፣ የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀምጠው ተነጋገሩ። ኸይሩ ነገሩን አጠር አደረገው፤ "ወጥቷል፣ በወጣበት ይቅር። እኔን ራሴን አስንፎኛል። መልስ አየሁና አለፍኩ፤ እኔ፣ የሀኒያ አባት!"

ሶልያና ግን እምቢ አለች። "ከጠዋት ጀምሮ ኢንሱሊን የት አለ እየተባልኩ ነው። አንዲት የቤሌ ሴትዮ ሶዶ ድረስ መጥታ ባዶ እጇን ተመልሳለች፤ መድሃኒቱ እዚያው ቤሌ ገብቶ ሳለ። እሱ ቢኖር ይነግራት ነበር። መጠን አትናገር ያልኩትም እኔ ነኝ፣ ልክም ነበርኩ። የተሳሳትነው ቀጥሎ በሚሆነው ላይ ነው። የታመመ ሰው ጠብቅ ይባላል?"

"ረዳቱ ይቅደም ወይስ ሰዉ ይቅደም?" አለ ኸይሩ።

"ሰዉ ይቅደም" አለች ብሩክታይት። "ረዳቱ ከኋላ ይሁን።"

መመሪያውን ከስሩ ጀምራ ጻፈችው። ተራ ጥያቄ ሲመጣ ረዳቱ አፉን ይዞ ይቆያል፤ መጀመሪያ ሰው ይመልስ፣ ሰው ሳይመልስ ከዘገየ ብቻ ይናገር። ሲናገርም ሰው አለመሆኑን በቅድሚያ ይናገር። ህመም ከተጠቀሰ "እዚህ መልስ አይጠብቁ፣ አሁኑኑ ወደ ቅርብዎ ጤና ጣቢያ ይሂዱ" ይበል፤ ወዲያውም ለተረኞች ስልክ ይደውል። መልዕክት አይደለም፣ ጥሪ። ለተረኛነቱም አባላቱ ተከፋፈሉ። እሁድ ጠዋትን ኸይሩና አዚዛ የምትባል የዲምቱ እናት ወሰዱ፣ የአርብ ቀትርን ቤተክርስቲያን የሚሄዱት። ማን መቼ ስልኩን እንደማያጠፋ የሁሉም ስም ገጹ ላይ ተለጠፈ፤ እያንዳንዱ አባልም ስልክ ቁጥሩን አስመዘገበ።

ከማገናኘቷ በፊት ጽሁፉን ይዛ ሆስፒታል ሄደች። ሚርያም ተነስታ ተቀምጣ የተቀቀለ እንቁላል ትልጣለች። አንጁሎ መነጽሩን አድርጎ መመሪያውን እንደ ተማሪ ፈተና አነበበው። የሚያስቸግሩትን ቃላት አስቀየራት፤ "'አስቸኳይ ምልክት' ብትይ የእኛ አገር እናት አይገባትም፤ 'ካስመለሰው፣ ከደከመ፣ በኃይል ከተነፈሰ' በይ" አላት። ሰዉ አማርኛ ሲጽፍ ሴቷን "እሱ" እንደሚል፣ ረዳቱም ይህን ይዞ እንዳይሳሳት ነገራት። ከዚያ ጣቱን አንዲት ቃል ላይ አሳረፈ። "ኢሻን አውጪው። እሱን ለሰው ተዪው።"

አወጣችው። ቦምቤን በተመለከተ የሚደወልለት ተረኛ ማን ይሁን ስትለው ስልክ ቁጥሩን ራሱ ጻፈላት።

የማገናኛው ትዕዛዝ በዚህኛው ጊዜ ሳያስቸግራት አለፈ። ለሙከራ ኸይሩ "ልጄ ያስመልሰዋል" ብሎ ሲጽፍ የሶስቱም ስልክ ባንድ ጊዜ ጮኸ። ሶልያና ደንግጣ የያዘችውን ሻይ ቀሚሷ ላይ ደፋች።

እውነተኛው ጥሪ የመጣው ሮብ ቀን፣ ብሩክታይት የሂሳብ ክፍሉን ማተሚያ ፈታ ጠረጴዛ ላይ በዘረጋችበት ሰዓት ነው። ከቤሌ አንዲት እናት ልጇ ላብ አጥምቆት እየተንቀጠቀጠ መሆኑን ጽፋለች። ብሩክታይት በቀለም በተነከረ ጣቷ ለሴትዮዋ ደወለች፤ ተይዟል። እንደገና ደወለች፤ ተይዟል። ኸይሩ ደወለ፣ ተይዟል። ሶልያናም እንደዚያው። መጀመሪያ የገባው አንጁሎ ነበር፤ ከክፍል ወጥቶ፣ ጠመኔውን እንደያዘ፣ የልጁ ስኳር ወርዷልና ስኳር የበዛበት ሻይ እንድትሰጠው፣ ሲሻለውም ወደ ጤና ጣቢያ እንድትወስደው ነግሯታል።

ከሰዓት በኋላ ሴትዮዋ ሳሮ ላይ ብቅ አለች። ልጁ ተነስቶ ኳስ ሊጫወት ካልወጣሁ እያለ እንደሆነ ጻፈች። ቀጥላም ስሞታ አቀረበች፤ ስንት ሰው ነው በአንዴ የሚደውለው፣ የስልኬን ባትሪ ጨረሳችሁት፣ ቻርጅ ለማድረግ ጎረቤት መጥቼ ነው። ከስሯ ማሰሮዋን ፎቶ የምታነሳዋ ሴት "እኔም ደውዬ ነበር፣ አልገባልኝም" ብላ ጻፈች። ከእሷ ስር ሌላ፣ ከዚያም ስር ሌላ። ብሩክታይት ጥቂቱን አነበበችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ወደ ማተሚያው ተመለሰች።